የሐጂው አስታማሚዎች

ሐይቅ፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለሜ ለአሲያ፤

አሰላሙ ዐለይኪ ወረሕመቱላህ። እኛ አልሐምዱ ሊላህ ደኅና ነን። እማም ደኅና ናት፣ ጉልበቷ ብቻ ከብርዱ ጋር ተጣልቷል። "ድምፅ አትላኪልኝ፣ ማዳም ትሰማለች። በወረቀት ጽፈሽ ፎቶውን ላኪልኝ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አነበዋለሁ" ስላልሽኝ ይኸው እንደ ድሮ ሰው ብዕር ይዣለሁ። ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ይህን ያህል ጽፌ አላውቅምና በጽሑፌ እንዳትስቂብኝ።

"ከሳዑዲ ተመልሰሽ እዚያም ገረድ ሆንሽ ወይ?" ላልሽው፣ አልሆንኩም። ማኅበሩ ከዐረብ አገር የተመለስነውን ሴቶች ሰብስቦ ደሴ ላይ አሠለጠነን። አሁን የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን ቤት ለቤት እየዞርን እናስታምማለን። እናጥባለን፣ እናበላለን፣ እናገላብጣለን። አለቃችን ሲስተር ተሻለች ናት፤ ሥልጠናውን የጀመረችው "ለዐረብ አሮጊት ያደረጋችሁትን ለራሳችሁ አሮጊት አድርጉ" ብላ ነው። ሥራ አላጣንም። ሐይቅን አሁን ብታያት ወጣቱ ሁሉ ወጥቶ ሽማግሌና ሕፃን ብቻ ነው የቀረባት። ወደ እስጢፋኖስ በሚወስደው መንገድ ያሉትን ዓይነ ስውሩን መሪጌታ ዝናውን ታስታውሻቸዋለሽ? እሳቸውንም የማስታምማቸው እኔ ነኝ። "ልጆቼ ብር ይልኩልኛል፣ ብሩ ግን ጀርባዬን አያክልኝም" ይሉኛል። ሲስተር ተሻለች ደግሞ "ይኼ ገና ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ በየቤቱ የሚገላበጥ ሰው ይኖራል፣ የሚያገላብጥ ግን አይኖርም" ትላለች። እኛ ስንስቅ እሷ አትስቅም።

ከዚህ በታች ያለውን ልጻፈው አልጻፈው እያልኩ ሳምንት አሳልፌያለሁ። ቤት ውስጥ ያየነውን ውጭ እንዳናወራ ምለናል። ግን አንቺ ውጭ አይደለሽም።

አዲስ በሽተኛ ተሰጥቶኛል። ስትሮክ መትቶት ቀኝ ጎኑ አይንቀሳቀስም፣ አንደበቱም ተይዟል። ልጆቹ ሁሉ ውጭ አገር ናቸው። ሚስቱ እትዬ ኡሙሀኒ ዓይናቸው ስለደከመ ሊያነሡት አይችሉም። ማንነቱን ያወቅሁት ደጃፉ ላይ ስደርስ ነው። ሐጂ አብዱልጀባር ነው።

አዎ፣ ያው ሰውዬ ነው። ኢልሀምን በአሥራ ሰባት ዓመቷ "ሪያድ ወስጄ እህቷ እጅ አስረክባታለሁ" ብሎ ከእማ የተቀበለው ደላላ። አንቺ ፍራሽ ዘርግተሽ ስትጠብቂያት ሳትደርስ የቀረችውን እህታችንን "ጀልባ ላይ በሰላም አሳፍሬያታለሁ፣ ከዚያ ወዲያ የአላህ ነው" ብሎ ቁርኣን ይዞ የማለብን ሰው። እማ ይኸው ስድስት ዓመቷ፣ መርዶ የለምና ለቅሶ አልተቀመጠችም። የሰፈሩ ቅሬ ለሁሉ ሰው ድንኳን ሲተክል ለኛ አልተከለም። ስልክ በጠራ ቁጥር አሁንም ቀድማ የምትነሣው እሷ ናት።

ለእማ አልነገርኳትም። ለሲስተር ተሻለች ብነግራት ደግሞ ሌላ ሰው ትመድብለታለች። ምን ላድርግ? ታላቄ ነሽና ምከሪኝ።

ሰሚሃ

—

ሪያድ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰሚሃዬ፤

የሰላምታውን ነገር እንደጻፍኩልሽ ቁጠሪው፣ ዛሬ ለሰላምታ የሚሆን ልብ የለኝም።

ሥራውን እንዳትለቂ። ሌላ ሰው ይመደብለትም እንዳትዪ። ስንት ዓመት እጄን ዘርግቼ የለመንኩት ሰው አንቺ እጅ ላይ ወድቋል፣ አንቺ ምን ላድርግ ትይኛለሽ።

እኔም እዚህ አስታማሚ ነኝ። የማዳምን እናት፣ ዐጁዛዋን፣ አራት ዓመት ሙሉ የማነሣት የማስቀምጣት እኔ ነኝ። ስለዚህ አንዳችን ለሌላችን ማስረዳት የለብንም። በየሁለት ሰዓቱ ያልተገላበጠ ሰው ምን እንደሚሆን አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ። መጀመሪያ ቆዳው ይቀላል፣ ከዚያ ይላጣል፣ ከዚያ ሥጋው ይከፈታል። ዱላ አይፈልግም፣ መርዝ አይፈልግም። የሚፈልገው መዘግየት ብቻ ነው። ዝም ብለሽ አስተኝተሽው ሐይቁ ዳር ውረጂ፣ ዓሣ አጥማጆቹን እያየሽ ሻይሽን ጠጪ። ሚስቱ አታይም፣ ልጆቹ የሉም። ማን ይቆጣጠርሻል?

ልጆቹ የሉም ስል ትንሽ ሳቄ መጣ። በውጫሌ ገበያ እየዞረ የሰውን ልጅ አሻገረ፣ አሻገረ፣ ሲያልቅበት የራሱንም አሻገረ። አሁን በጎኑ የሚያዞረው አጥቶ የኢልሀም እህት መጣችለት። አላህ በዚህ ሳቄ ይቅር ይበለኝ፤ ባይለኝም አልከራከረውም።

ያን ጊዜ ማዳምን እግሯ ላይ ወድቄ ለምኜ ያስገባሁትን ፍራሽ ዛሬም የምተኛበት እኔ ነኝ። ኃጢአቱ በኔ ይሁን። ታላቄ ነሽ ካልሽ ታዘዢኝ።

አሲያ

—

ሐይቅ፣ ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለሜ፤

ዝም ያልኩሽ ተቀይሜሽ አይደለም፣ አፍሬ ነው። በመካከል የላክሽልኝን አጫጭር መልእክት ሁሉ አይቻለሁ። "አደረግሽው ወይ?" ላልሽው፣ አንድ ቀን አድርጌዋለሁ።

ጠዋት አጥቤ፣ አብልቼ፣ በጀርባው አስተኝቼው ወጣሁ። እንዳልሽኝ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። ሻይ አልጠጣሁም፤ የተጠበሰ ዓሣ አዝዤ በላሁ፣ በደንብም በላሁ። ስመለስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር። ገልበጥ አድርጌ ሳየው ዳሌው ላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ ቀልቷል። ደስ አለኝ፣ አሲያ። በሰው ሕመም እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ደስታው ቤት ድረስ ተከትሎኝ መጣ፣ ከእማ ጋርም እየሳቅሁ እራት በላሁ።

በማግስቱ ግን ቅባት ቀብቼ በጎኑ አስተኛሁት። አዘነችለት ብለሽ እንዳትናደጂ። ለኢልሀም የቀላ ዳሌ አነሰብኝ። ደግሞም ሌላ ነገር አየሁ።

ሰፈሩ ሁሉ "ሐጂ ራሱን አያውቅም" ነው የሚለው። ልጁ ሰላሀዲን ከኩዌት በቪዲዮ እየደወለ "አባቴ፣ ታውቀኛለህ?" ይለዋል፣ እሱ ጣራ ጣራውን ያያል። ሲስተር ተሻለች ግን ሥልጠናው ላይ "አንደበቱ የተያዘ ሁሉ ልቡ የጠፋ እንዳይመስላችሁ። ዓይኑን አንዴ ከጨፈነ አዎ፣ ሁለቴ ከጨፈነ አይደለም በሉትና ጠይቁት" ብላን ነበር። እኔም ጠየቅሁት።

"ሐጂ፣ ይሰሙኛል?" አንዴ ጨፈነ። "አሁን ያለነው ውጫሌ ነው?" ሁለቴ። "እኔ የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃሉ?" አንዴ ጨፍኖ ቆየ፣ ሲገልጠው እንባ ነበረበት።

ደኅናውን እጁን ደረቱ ላይ እየጣለ የሚያጉረመርመው ነገር አለ። እትዬ ኡሙሀኒ ውሃ የጠማው እየመሰላቸው ውሃ ይሰጡታል፣ ትን ይለዋል። ምን እንደሚፈልግ አንድ በአንድ ጠየቅሁት። ውሃ አይደለም። ሕመም አይደለም። ቁርኣን ይቀራልኝም አይደለም። "አውፍ መባል፣ ይቅር መባል ነው?" ስለው ጨፈነ። ከሚስቱ? አይደለም። ከጎረቤት? አይደለም። "ከእናቴ ከዑምኩልሱም?" ጨፈነ።

እማ ሁልጊዜ የምትለውን ታውቂያለሽ። የአላህን ሐቅ አላህ ይምራል፤ የሰውን ሐቅ ግን ባለቤቱ አውፍ ካላለ አላህም አያነሣው። ለዚህ ነው ሰው ሐጅ ሊሄድ ሲል፣ ረመዳን ሊገባ ሲል፣ ሊሞት ሲል በየደጁ እየዞረ "አውፍ በሉኝ" የሚለው። ይኼ ሰውዬ ሐጅ ሲሄድ እኛ ደጅ አልመጣም ነበር። አሁን መምጫ እግር፣ መለመኛም አፍ የለው። ዓይኑ እንደሚናገር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ደንባችን ለቤተሰቡ ወዲያው ተናገሩ ይላል። አልተናገርኩም።

ሰሚሃ

—

ሪያድ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

የኔ ብልጥ፤

መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሆኜ በሳቅ ፈነዳሁ። ማዳም በሩን እየደበደበች "ምን ነካሽ?" አለችኝ፤ ሆዴን አመመኝ አልኳት። እኔ ስለ ቆዳ ሳወራ አንቺ ከቆዳው ሥር ገባሽ። ከዛሬ ጀምሮ ትንሿ እህቴ ናት ብዬ አላዝሽም።

ለማንም እንዳትናገሪ። ለእትዬ ኡሙሀኒም ቢሆን። አውቃለሁ፣ ደግ ሴት ናቸው፣ ልጅ ሳለን ሙዝ ይሰጡን ነበር። ይሁን። ባላቸው እማ ላይ ስድስት ዓመት የከደነውን አፍ አሁን አንቺ ክደኚበት። የሚለምንበት አፍ ያንቺ ነውና ዝጊው።

ግን አንድ ነገር አስቢ። ኢልሀምን ጀልባ ላይ በሰላም አሳፍሮ ከሆነ እማን ለምን አውፍ በዪኝ ይላታል? ጀልባ የሰጠመበት ሰው ጥፋት የለበትም፤ ያዝናል እንጂ አውፍ አይለምንም። ይህ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። ጠይቂው። በአንድ ቀን አስለፍልፊው፣ ሳይሞትብን።

እማ ምንም እንዳታውቅ። ባዶ ተስፋ ሌላ ስድስት ዓመት ይበላታል።

አሲያ

—

ሐይቅ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለሜ፤

በመጀመሪያ ተቀመጪ። በሩን መቆለፍሽንም እይ። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ ስለ ዘገየሁም አውፍ በዪኝ።

በዓይኑ የሚናገር ሰው አይለፈልፍም። ይደክመዋል፣ ይተኛል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ዓይኑን ከድኖ ጨርሶ እምቢ ይላል። በመጨረሻ ተዋዋልን። "ኢልሀም የት እንዳለች ንገረኝ፣ ልመናህን ለእናቴ አደርሳለሁ። ካልነገርከኝ ዓይንህ ሲናገር ያየ ሰው የለም" አልኩት። አንተ አልኩት፣ አዎ። ለሽማግሌ አንተ አይባልም ብላ ያሳደገችን እማ ብትሰማ በጥፊ ትለኝ ነበር።

ጀልባው ሰጠመ? አይደለም። የመን ላይ ነው? አይደለም። "ጀልባ ላይ ወጥታለች?" አልኩት። ሁለቴ ጨፈነ።

አሲያ፣ ባሕሩን አላየችም።

ጠሃ የሚባል የባጃጅ ሹፌር አለ፣ እሱም በዚያው መንገድ ሄዶ የተመለሰ። ለምን እንደፈለግሁ ሳልነግረው የሚያርፉባቸውን ቦታዎች አስቆጠርኩት። ከባቲ ቁልቁል እስከ ጅቡቲ ድንበር ዘረዘረልኝ። እኔም ለሐጂው በተራ ጠራሁለት። ድንበሩ ሳይደርስ ያለውን የውሃ ጉድጓድ ስጠራ ዓይኑን ከደነ።

ከብዙ ቀን ጭፈና የለቀምኩት ይህ ነው። ትኩሳት ይዟት መራመድ አቃታት። ሌሎቹን የሚያዘገይ ሰው ስለማይወሰድ ጥላ ሥር አስቀምጧት፣ ውሃ ትቶላት፣ ሰዎቹን ይዞ ቀጠለ። አስረክቦ ሲመለስ ሞታ አገኛት። እዚያው ጉድጓዱ አጠገብ ብቻውን ቀበራት። ከዚያ ወደ ሐይቅ መጥቶ ቁርኣን ያዘ።

"መሞቷን ብትናገር ሌሎቹ እናቶች ልጃቸውን ስለማይሰጡህ ነው?" አልኩት። ጨፈነ። ከዚያ በኋላ በየለቅሶው እማ አጠገብ እየተቀመጠ "ከኢልሀም ወሬ አለ እንዴ?" ሲላት እኔ በጆሮዬ እሰማ ነበር። እማም "የለም ሐጂ፣ ዱዓ አድርጉልን" ትለው ነበር።

ለዛሬ ይብቃኝ። እሱ ግን ውሉን ጠብቋል። አሁን ተራው የኔ ነው፣ እኔ ደግሞ አልፈልግም።

ሰሚሃ

—

ሪያድ፣ ጥር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰሚሃ፤

አንድ ጊዜ ከማዳም ልጆች ጋር ጅዳ ወስደውኝ ነበር። ልጆቹ ውሃ ውስጥ ሲጫወቱ እኔ ለባሕሩ ጀርባዬን ሰጥቼ ዋልኩ። እህቴን በላችብኝ ብዬ ዓይኗን አላይም አልኩ። ባሕሯ ምንም አላደረገችም ለካ።

ቃልሽን አፍርሺ። ከማን ጋር የገባሽውን ቃል ነው የምትጠብቂው? መርዶውን ለእማ ንገሪያት፣ ልቅሶዋን ታልቅስ። ልመናውን ግን ዋጪው። ረመዳን ሳይገባ ይሙት፣ ሐቋን በአንገቱ ተሸክሞ ይሂድ። ለቅሬውም ተናገሪ፣ ጉድጓድ የሚቆፍርለት አንድ ሰው አይገኝ።

ሌላ የምጽፈው የለኝም። ዐጁዛዋ ሁለት ቀን እህል አልበላ ብላኛለች፣ እሷንም ማባበል አለብኝ።

አሲያ

—

ሐይቅ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለሜ፤

አልታዘዝኩሽም። እያደርሽ እንደምትረጂኝ ተስፋ አለኝ፣ ካልሆነም ስደቢኝ።

ለእማ ሁሉንም ነገርኳት፣ መርዶውንም ልመናውንም። ምስር እየለቀመች ነበር። ነግሬያት ስጨርስ ምስሩን ለቅማ ጨረሰች። ከዚያ ነጠላዋን አንሥታ "ውሰጂኝ" አለች።

እዚያ ቤት የሆነውን ሁሉ አልጽፍልሽም። ራስጌው ተቀመጠች። ዓይኑ እንዴት እንደሚናገር አስረዳኋት፣ እትዬ ኡሙሀኒም ያን ጊዜ ነው ባላቸው እንደሚሰማ ያወቁት፤ በሩን ይዘው ቆመው ቀሩ። እማ ብዙ አልጠየቀችም። "አጠብካት?" አለችው። ሁለቴ ጨፈነ። "ከፈንካት?" ሁለቴ። "ሰገድክባት?" ሁለቴ። "ፊቷን ወደ ቂብላ አዞርክላት?" አለችው። ብዙ ቆይቶ አንዴ ጨፈነ። መልስ ይሁን ድካም አላህ ይወቀው። እማ ግን እንደ መልስ ያዘችው መሰለኝ።

እትዬ ኡሙሀኒ እግሯ ላይ ወድቀው "ስለ እሱ እኔ ልለምንሽ፣ አውፍ በዪን" አሏት። እማ አነሣቻቸው። "እርስዎ ምን አደረጉኝ፣ እትዬ" ብላ አቀፈቻቸው። ሁለቱም አለቀሱ።

በማግስቱ ቅሬው ድንኳን ተከለልን። ሰው ሁሉ መጣ፤ መሪጌታ ዝናውም በሰው እጅ ተመርተው መጡ። በሩቅ ለሞተ የሚሰገደው ሰላት ተሰገደላት። እማ የስድስት ዓመቱን በአንድ ላይ አለቀሰች፣ ድምፅዋ እስኪዘጋ ድረስ። አንቺ ብቻ ቀረሽብን።

ድንኳኑ በተነሣ ማግስት በጠዋት ተነሥታ አጥሚት ሠርታ ወደ ሐጂው ቤት ሄደች። "እንዴት እንደሚበላ አሳዪኝ" አለችኝ። አሳየኋት። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም። ሰፈሩ አጃኢብ እያለ ነው።

"አውፍ አለችው ወይ?" ብለሽ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። እሱን ዛሬ አልጽፍልሽም።

ሰሚሃ

—

ሪያድ፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰሚሃዬ፣ የእናቴ ልጅ፤

ያልጻፍሽልኝን ከሌላ ሰማሁት። ታች ፎቅ የምትሠራ ራዚያ የምትባል የሐይቅ ልጅ አለች። "እናትሽ ሐጂውን አውፍ ብላ በእጇ እያበላችው ነው አሉ፣ የጀነት ሰው ናት" አለችኝ። እሺ አላልኳትም፣ ሰላምም አላልኳት። ለአንቺም ላለመጻፍ የወሰንኩት ያኔ ነው። እኔ ስድስት ዓመት የበላኝን ንዴት እማ እንዴት በአጥሚት ትጨርሰዋለች ብዬ ደሜ ፈላ።

ከዚያ ዐጁዛዋ ሞተች። ስለዚህች ሴት ሁሉን አልነገርኩሽም። በከዘራ መትታኛለች፣ ትኩስ ሻይ ክንዴ ላይ ደፍታብኛለች። ልትሞት ስትል ልጆቿን ትታ እጄን ያዘችና "ሳሚሒኒ" አለችኝ። የኛው አውፍ በዪኝ ማለት ነው። እኔ ዝም ልል ነበር ያሰብኩት፣ ወላሂ። አፌ ግን ቀደመኝ። "አውፍ ብዬሻለሁ" አልኳት፣ በአማርኛ። ገባትም አልገባትም እጄን ለቀቀችኝ። ያን ቀን ስንት ዓመት ያጣሁትን እንቅልፍ ተኛሁ።

አሁን እማ ገብታኛለች። እንዲያ ብታደርግ እውነቷን ነው። እኔ ክፉ ነገር እየጻፍኩ ላስትሽ ነበር፣ እሷ ግን ሁለታችንንም በለጠችን። ረመዳን እየገባ ነው፤ እጇን ሳሚልኝ፣ ደብዳቤዬንም አንብቢላት። ሐጂውንም አሲያ አውፍ ብላሃለች በይው።

አሲያ

—

ሐይቅ፣ መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለሜ፤

ረመዳን ሙባረክ። ዐጁዛሽን አላህ ይዘንላት። ሻይ የደፋችብሽን ዛሬ ገና መስማቴ አሳዝኖኛል። አዲስ ሥራ እስኪገኝልሽ ራዚያ ጋ መሆንሽን በአጭር መልእክትሽ አይቼ ተረጋጋሁ፤ ሰላም በያት፣ ጥፋቷ ወሬ ማመን ብቻ ነው።

ደብዳቤሽን ለእማ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማች። ያንቺን አውፍ ለሐጂው እንዳደርስ ፈቀደች፣ አድርሻለሁ። "ያ የአሲያ ነው፣ መስጠት ትችላለች" አለች። ከዚያ ይህን ጻፊላት አለችኝ፤ ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌዋለሁ።

"ዐጁዛዋ የበደለቻት አሲያን ነው። አሲያ በሕይወት አለች፣ አፍም አላት፣ አውፍ አለች። ደግ አደረገች። ይኼ ሰውዬ ግን ጥላ ሥር ጥሎ የሄደው ኢልሀምን ነው እንጂ እኔን አይደለም። ከኔ የወሰደውን እኔ ልተውለት እችል ይሆናል። የእሷን ግን ማን ሰጥቶኝ? እኔ የሰው ሐቅ አላድልም። ራሷ ዘንድ ይሂድና ይለምናት።"

"ታዲያ ለምን ታበዪዋለሽ፣ እማ?" አልኳት።

"እሷ ዘንድ ቶሎ እንዳይሄድ ነዋ" አለችኝ። "ልጄ ገና አሁን ነው የተሰገደላት። ትንሽ ትረፍ።"

ሳቅሁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሠሪዬ ሲስተር ተሻለች አይደለችም፣ እማ ናት። አንቺ የሚዘገይ እጅ ነበር የለመንሽኝ፤ እማ የማይዘገይ እጅ አዘዘችኝ። ሰዓቱን ጠብቄ አገላብጠዋለሁ፣ ቆዳውን ቅባት እቀባዋለሁ፣ አንሶላው ላይ አንድ እጥፋት አይገኝም። እኔ ሌላ ቤት ስሆን እሷ ራሷ እትዬ ኡሙሀኒን አግዛ ታዞረዋለች። ሲስተር ተሻለች ባለፈው አዲስ ሠልጣኞች ይዛ መጥታ ጀርባውን አሳየቻቸው። "የአልጋ ቁራኛ እንዲህ ነው የሚያዘው። በዚህ አያያዝ ገና አሥር ዓመት ይኖራል" አለቻቸው። እማ "አሚን" አለች። ሁሉም አሚን አሉ፣ እትዬ ኡሙሀኒም እማን ትከሻዋን ሳሟት።

እኔስ ምን እንደሆንኩ ጠይቂኝ። አልከፋኝም። አንዳንዴ ይከብደኛል እንጂ አልከፋኝም። ሐጂው ከብዷል፣ ጉንጩ ሞልቷል። ቅሬው እማን በስብሰባ ላይ አመስግኗታል። እሷም ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰምታቸዋለች።

ጾሟን ሆና ነው የምታበላው። ትራስ ደግፋ ቀና ታደርገዋለች፣ ትን እንዳይለው አገጩን ዝቅ ታደርግለታለች። ጎረቤት ካለ "ሐጂ፣ ቀስ ብለው" እያለች ነው። ከዚያ ጆሮው ሥር ጎንበስ ትላለች፤ ሰዎቹ ዱዓ የምታደርግለት ይመስላቸዋል። እኔ ከአልጋው ማዶ ስለምቆም እሰማታለሁ።

"አውፍ አላልኩህም" ትለዋለች።

ዓይኑን ይከድናል። እስኪገልጠው ትጠብቀዋለች፣ ቸኩላ አታውቅም። ሲገልጠው ማንኪያውን ከንፈሩ ላይ ታስጠጋለች።

"ዋጥ" ትለዋለች፣ ይውጣል።

እህትሽ ሰሚሃ